ከዱብቲ የታየው የአዋሽ ሰርግ

ለእህቴ ሰርግ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ አባቴ ሎጊያ ላይ ከሚኒባስ ሲወርድ ወድቆ ጭኑን ሰበረ። ከአዋሽ ድረስ የመጣው እኔን ለመውሰድ ነበር። እኔ ሰመራ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አርቃቂ ነኝ፤ ፈቃድ ወስጄ ብቻዬን መሄድ አያቅተኝም። እሱ ግን «ልጄን ራሴ ይዣት እገባለሁ» አለ። በዚያውም በከባድ መኪና ሾፌርነቱ ዘመን የጅቡቲን መንገድ አብረውት የተመላለሱ ጓደኞቹን በአካል ሊጠራ ተነሣ። ጓደኞቹን ጠራ። እኔን ሳይወስድ ግን ዱብቲ ሆስፒታል ተኛ።

ሐኪሙ እግሩ ላይ ክብደት አንጠልጥሎ፣ «አባት፣ አዋሽ ድረስ መኪና ላይ መቀመጥ አይታሰብም» አለው።

እናቴ በስልክ እያለቀሰች ሰርጉ ይተላለፍ ስትል አባቴ ከነክብደቱ ሊነሣ ምንም አልቀረውም።

«በእኔ እግር የሰው ሰርግ አይቆምም! ድንኳኑ ተተክሏል፣ በሬው ተገዝቷል፣ የልጁ ቤተሰቦች አዋሽ አርባ ላይ ሽር ጉድ እያሉ ነው። ምን ብላችሁ ልትመልሷቸው ነው?»

ለኒካሑ፣ ለጋብቻ ውሉ፣ ታናሽ ወንድሙን፣ አጎቴን፣ ምስክሮች እየሰሙ በስልክ ወከለው። እኔ ደግሞ አስታማሚ ሆኜ እንድቀር ተስማማን። «አብሽሩ፣ ምንም ችግር የለም» ብዬ ሁሉንም አጽናናሁና ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ያለችኝ እህት አንዲት ናት።

በዋዜማው እህቴ ደወለች። ከኋላዋ ድቤ ይመታል፣ ሴቶች ይዘፍናሉ፤ ግማሹን አልሰማትም።

«እቴ፣ አንድ መላ መትቻለሁ። ነገ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ሁሉ ከሥሩ ሃሽታግ እንዲጽፍ ለጓደኞቼም ለዘመዱም ተናግሬያለሁ። እሱም ለወገኖቹ ይነግራል። ‹የአዋሽ ሰርግ› ነው የሚለው። እሱን ፈልጋችሁ እዚያው ዱብቲ ሆናችሁ ታዩናላችሁ።»

«በቪዲዮ ብትደውይልን አይሻልም?»

«ነገ እኔ ስልክ የምይዝ ይመስልሻል?» ብላ ስትስቅ መስመሩ ተቋረጠ።

እውነቱን ለመናገር ሃሽታግ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። በመሥሪያ ቤታችን ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ዜና ሥር እንደ ዶቃ ይደረደራል፤ አንዱንም ነክቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት የኢንተርኔት ፓኬጅ ገዛሁ፣ የአባቴን ጀርባ በትራስ ደገፍኩ፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከጎናችን ባለው አልጋ አንድ የአፋር ሽማግሌ ተኝተው ሚስታቸው ያስታምሟቸዋል። ነገሩን ቀደም ብለው ሰምተዋልና ባልና ሚስቱም ወደ እኛ ዞሩ።

አባቴ የሃሽታጓን ምልክት (#) ሲያይ፣ «ያቺ ካርድ ስንሞላ መጨረሻ ላይ የምንጫናት መሰላል አይደለችም እንዴ?» አለ።

«እሷው ናት።»

«እና ሰርግ ቤት ታስገባለች?»

«እስቲ እናያለን።»

መሰላሏን ነካሁና «የአዋሽ» ብዬ፣ እንደ ደንቡ ክፍተት ትቼ፣ «ሰርግ» ብዬ ጻፍኩ። የተከፈተልን ግን ሰርግ አልነበረም። የሥራ ማስታወቂያ መጣ። የሞላ ወንዝ መጣ። ቀጥሎ አዋሽ ፓርክ ውስጥ ቆሞ ትኩር ብሎ የሚያየን ሳላ መጣ።

አባቴ መነጽሩን አስተካከለ። «ይኼ ቀንዳም ከሙሽራው ወገን ነው?»

ሽማግሌው በሳቅ አልጋቸውን አንቀጠቀጡት። እኔ ግን ገጹ አናት ላይ የሰፈረውን እያነበብኩ ነበር። «#የአዋሽ» ይላል፤ «ሰርግ» የለችም። የተውኳት ክፍተት ቃሌን ለሁለት ቆርጣው፣ መሰላሏ የመጀመሪያውን ብቻ ይዛ ሄዳለች። ስለዚህ ሁለቱን ቃላት አጣብቄ #የአዋሽሰርግ ብዬ ጻፍኩ።

ግቢያችን ተከፈተ!

ሌላ ምን እንደምል አላውቅም። ሰማያዊው የብረት በራችን፣ የኒም ዛፋችን፣ ነጭና አረንጓዴው ድንኳን። እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ ድስት ላይ አጎንብሳለች። አጎቴ አዲስ ጀለቢያ ለብሶ አንገቱን አቅንቷል። አንዷ የእህቴ ጓደኛ የሙሽሪትን ሒና የተቀባ እጅ አጉልታ አንሥታለች፤ ጎረቤታችን ሥጋ ሲከተፍ፤ ሌላዋ ወንበር የጫነ ጋሪ ሲገባ አንሥተዋል። በስም የማላውቃቸውም፣ በገጽ ጓደኛዬ ያልሆኑም፣ ሁሉም እዚያችው ቃል ሥር ተሰብስበዋል። ለካ ያቺ ቃል ጌጥ አይደለችም። በር ናት። የሚጽፋት ሁሉ ፎቶውን እዚያ ያስቀምጣል፣ የሚነካት ሁሉ ሁሉንም ያያል።

«አይ! አይ! ድስቱን ከኒሙ ሥር ጥደውታል፤ ቅጠል ይገባበታል ብያቸው ነበር!» አለ አባቴ። ተቆጥቶ ግን አይደለም፤ ፊቱ እንደ ፋኖስ በርቶ ነው። «ዝቅ አድርጊው። ከፍ አድርጊው። ቆይ፣ እዚያ ጥግ የተቀመጠው የሎጊያው ጓደኛዬ አይደለም? መጣልኝ! ወላሂ መጣልኝ!»

ትንሽ ቆይቶ አንድ የማናውቀው ጎረምሳ ሱፍ ለብሶ፣ ነጭ የለበሰች ሙሽራ አቅፎ፣ ወንዝ ዳር ቆሞ መጣ።

አባቴ ክው አለ። «ይኼ ማነው? ሙሽራውን ቀየሩት እንዴ?»

ፎቶውን ደግሜ አየሁትና ገባኝ። አዋሽ ወንዝ ረጅም ነው፤ በየዳርቻው ሰው ይዳራል። ያቺን ቃል የተከለከለ የለም። ሌላ ቦታ ያሉ ሌሎች ሰዎች በእኛው በር ገብተዋል። ይህን ስነግረው አባቴ አሰብ አደረገና፣ «እንግዲህ የሰርግ ቤት ደንብ ነው፤ ያልተጠራም ይገባል። አላህ ይባርክላቸው» አለ።

ነገሩ መልክ ያጣው ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። የሙሽራው ወገን ከአዋሽ አርባ የሚመጣ ነውና መንገዱ ቅርብ ነው፤ እስከዚያ ሰዓት መድረስ ነበረበት። እኛ የምናየው ግን የራሳችንን ሰው ብቻ ነው። የእናቴ እህቶች፣ የእህቴ ጓደኞች፣ የሰፈራችን ሰዎች። ገጹን ደጋግሜ አደስኩት። ሙሽራው የለም። ሚዜ የለም። አንድም የእነሱ ፊት የለም።

«ደውዪ» አለኝ አባቴ።

እናቴ ጋር ደወልኩ፣ አታነሣም። አጎቴ ጋር ደወልኩ፣ አያነሣም። ሰርግ ቤት ማን ስልክ ይሰማል!

አባቴ ስልኩን ማየት ትቶ ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ማራገቢያ ያይ ጀመር። «እኔ ስለሌለሁ ከፍቷቸው ይሆን? አባት የሌለበት ኒካሕ ብለው...»

«ሐጂ፣ አይዞህ» አሉ ሽማግሌው ከአልጋቸው። «ሙሽራ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።»

እኔ የማደርገው ቢጠፋኝ ከፎቶዎቹ ሥር የተጻፉ ኮሜንቶችን ማንበብ ያዝኩ። ‹ማሻአላህ› ይላል አንዱ። ‹ያምራል› ይላል ሌላው። አንዱ ደግሞ፣ በገጹ ላይ አዋሽ አርባ ነዋሪ ነኝ የሚል ሰው፣ ‹መልካም ሠርግ!› ብሏል።

ጣቴ እዚያ ላይ ቀረ። ደብዳቤ አርቃቂ ነኝ ብያለሁ፤ ዓይኔ ፊደል አይስትም። ሰውየው የጻፈው በንጉሡ ሠ ነው። እኔ የፈለግኩት በእሳቱ ሰ። እህቴ ሃሽታጉን በቃል ነው የተናገረችው፤ በፊደል ለማንም አላሳየችም። የእኛ ሰው እንደለመደው፣ የእነሱም ሰው እንደለመደው ጽፎታል ማለት ነው!

«አባ! አገኘሁት መሰለኝ!»

ንጉሡን ሠ ፈልጌ #የአዋሽሠርግ ብዬ ጻፍኩ።

ሌላኛው ግማሽ ሰርግ ዝርግፍ ብሎ መጣ። ሚኒባሶች በአበባ አጊጠው ከአዋሽ አርባ ሲወጡ! ሚዜዎቹ በመስኮት ወጥተው ሲጨፍሩ! ሙሽራው በራችን ላይ፣ የእህቴ ጓደኞች መንገድ ዘግተው አናስገባም ሲሉት! ሰዓቱን አየሁ፤ ከገቡ ቆይተዋል። እኛ በጭንቀት ማራገቢያ ስናይ እነሱ ድንኳናችን ውስጥ ምሳ እየበሉ ነበር፤ የእኛ ሰው በመስተንግዶ ተጠምዶ እነሱን አላነሣቸውም።

አባቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ዓይኑ ሥር አስጠጋው። «እንዴት ነው ነገሩ? እስካሁን የት ነበሩ?»

«ለእኛ ጆሮ አንድ ነው፣ ሰርግ ሰርግ ነው። ስልኩ ግን ጆሮ የለውም፤ የሚያየው ፊደሉን ብቻ ነው። በዚህኛው ሰ የተጻፈውን እዚህ ሰበሰበ፣ በዚያኛው ሠ የተጻፈውን እዚያ።»

«ሁለት በር ያለው ድንኳን ነዋ!» አለ አባቴ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ራሱ ያዘው። በአንዱ ይገባል፣ ይወጣል፣ በሌላው ይገባል። ሥጋው ስንት ሰዓት እንደወጣ ከእኛ ወገን ያያል፣ ማን አብዝቶ እንደበላ ከእነሱ ወገን ያያል። የሽማግሌው ሚስት ወንበራቸውን ስበው መጡ። ከማዶ አልጋ ያለው የጥጥ እርሻ ሠራተኛም ክንዱ በጄሶ እንደታሰረ ተነሥቶ ከኋላችን ቆመ።

ከዚያ ኒካሑ መጣ። ያነሣው ከሙሽራው ወገን የሆነ ሰው ነው፤ ከጎን በኩል ተጠግቶ። የአጎቴ እጅ የሙሽራውን እጅ ጨብጧል፣ ሸሁ መዳፋቸውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነዋል። አጎቴ በአባቴ ፈንታ ሆኖ አጎንብሷል። አባቴ ይህን ሲያይ ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ሁለት እጁን ዘረጋ። ዱዓ አደረገ፤ ለእሷ፣ ለእሱ፣ ለሚወለዱት፣ ከጨረሰ በኋላም ለሐኪሙ። ክፍሉ ሁሉ «አሚን» አለ። እኔ ማልቀሴን ያወቅኩት የሽማግሌው ሚስት በሻሻቸው ጫፍ ጉንጬን ሲጠርጉልኝ ነው።

«እኛስ?» አለ አባቴ በድንገት። «እኛ እኮ እዚያ የለንም። ሁሉም ገብቷል፤ የሙሽሪት አባት ብቻ በር ላይ ቀረ?»

ወዲያው ሥራ ተጀመረ። ሽማግሌው ነጭ ቆባቸውን አውልቀው ለአባቴ አደረጉለት። የጥጥ እርሻው ሠራተኛ ትራሱን ከፍ አደረገ። ሲስተር የሳቁን ድምፅ ሰምታ፣ «ይኼ ሆስፒታል ነው ሰርግ ቤት?» እያለች ገባች።

«ዛሬ ሁለቱም ነው፤ ነይ ግቢ» አላት አባቴ፤ እሷም ገባችና ከአልጋው ራስጌ ቆመች። ፎቶ አነሣኋቸው። ‹የሙሽሪት አባት ከነእንግዶቹ፣ ከዱብቲ› ብዬ፣ ሃሽታጉን በሁለቱም ፊደል፣ በእሳቱም በንጉሡም ጽፌ ለጠፍኩት።

ጠበቅን። ምንም የለም። ገባሁ፣ ወጣሁ፤ የእኛ ፎቶ ከሁለቱም ቦታ የለም። አሁንስ ምን አጠፋሁ ብዬ ቃሉን ፊደል በፊደል ፈተሽኩት፤ ልክ ነው። ለካ ችግሩ ቃሉ ላይ አልነበረም። ገጼን ከጓደኞቼ በቀር ማንም እንዳያየው ቆልፌዋለሁ፤ ሃሽታግ ደግሞ የተቆለፈ ቤት ውስጥ ያለውን አውጥቶ አያሳይም። ያቺን ፎቶ ለሁሉም ከፈትኳት።

መጀመሪያ አንድ ኮሜንት። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ የማላውቃቸው ሰዎች በላይ በላዩ ‹አላህ ያሽርዎት አባታችን!› ይሉ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ በንጉሡ ሠ በኩል አጭር ቪዲዮ ገባ። አንዱ ሚዜ ስልኩን ከፍ አድርጎ ለድንኳኑ እያሳየ ነው፤ ስልኩ ላይ ያለው የእኛ ፎቶ ነው። ድቤው ቆመ። ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነሣ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። እህቴ ስልኩን ተቀብላ አየችው፣ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች፤ ከዚያ ወደሚቀርጸው ሰው ዞራ በሒና የተዋበ እጇን አውለበለበች። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። ዱብቲ ላይ ደግሞ የሽማግሌው ሚስት እልልታውን ተቀበሉት፤ ሲስተርም ዝም አላለችም። አባቴ ሁለት እጁን ወደ ስልኩ እያወዛወዘ፣ «አለሁ! አለሁ!» ይላል፤ ቪዲዮው አልቆ እንኳ አላቆመም።

አባቴ ከሆስፒታል ወጥቶ አዋሽ ሲገባ በምርኩዝ ነበር፤ ዛሬ ትንሽ ከማነከስ በቀር ደኅና ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሰርጉ ቪዲዮ ተቀናብሮ መጣ፤ ሙዚቃ ያለው፣ ጽጌረዳ የሚዘንብበት፣ ሙሽሮቹ በዝግታ የሚራመዱበት። ለማየት ሁላችንም ሳሎን ተሰበሰብን። አባቴ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አየና ወደ እህቴ ዞረ።

«ቆንጆ ነው። ግን አንቺና እሱ ብቻችሁን ናችሁ። ሰዉስ የት ሄደ?»