መርዶዋን ያቆዩላት ተመራቂ

መቅደላዊት የቄስ ገብረ ሊባኖስ ልጅ ናት። እኔ ደግሞ ግድግዳ የምጋራቸው ጎረቤት ነኝ፤ ላሊበላ ላይ ስለዚች ልጅ የሚወራውን ስሰማ ደሜ ይፈላል። አንጀተ ደረቅ ናት ይላሉ። እስቲ እኔን ይስሙኝ።

ሆቴል ሒሳብ ስትሠራ ቆይታ በ2001 ዓ.ም. ለቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ አዲስ አበባ ገባች። አባቷ ሲሸኟት፣ "ሳትጨርሺ እንዳትመጪብኝ። ጨርሰሽ፣ የምረቃ ልብስሽን ለብሰሽ ልይሽ" አሏት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

ዘመድ ለሌለው ሰው አዲስ አበባ ክፉ ነው። የክፍል ጓደኞቿ የባንክና የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው፤ የቡድን ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ወደ ልጆቹ ይሮጣል፣ እሷ ወደ ኪራይ ክፍሏ። እሑድ እሑድ ከሰው ጋር አንዲት ቃል ሳትለዋወጥ ይመሽባታል። ደግሞ የቄስ ልጅ አስተማሪን በሰው ፊት መሞገት አይሆንላትም፤ እዚያ ካልተከራከሩ ማርክ የለም። ቀስ በቀስ ግን ምላሷ ተፈታ፤ በሁለተኛው ዓመት ከክፍሉ አንደኛ እሷ ነበረች።

የዚያን ዓመት ፋሲካው ባለፈ በሳምንቱ ቄስ ገብረ ሊባኖስ በድንገት ዐረፉ። የእሷ የመጨረሻ ፈተና ደርሷል። እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ ተመርቃ ስትመጣ ይነገራት አሉ። እኔን ማን ጠይቆኝ። ስትደውል ወንድሟ ሰማኸኝ አነሳና፣ "አባባ አሸተን ማርያም ገዳም ሱባኤ ገብተዋል" አላት። ቱሪስት ሲያስጎበኝ የሚውል ጅል! በበዓለ ሃምሳ ጾምም ስግደትም የለ፣ ሱባኤ ከየት መጣ? የቄስ ልጅ ይኼ ይጠፋታል?

አልጠፋትም። "ለእኔም ይጸልዩልኝ በላቸው" ብላ ስልኩን ዘጋች።

ይኼን ኋላ ለእኔ ነው የነገረችኝ። ያኔ ለማንም ትንፍሽ አላለች። ብትመጣ ፈተናው ያልፋታል፤ አባቷ ደግሞ ሳትጨርሺ አትምጪ ብለዋታል። መርዶ ያልተነገረው ሰው ለቅሶ አይቀመጥ፣ ማን መጥቶ ያጽናናታል? ሬዲዮኑን ከፍ አድርጋ ታለቅሳለች፤ አከራይዋ በሩን እያንኳኳች "ቀንሺው እንጂ" ትላታለች። ሲነጋ ፊቷን ታጥባ ክፍል ትገባለች። ጥናቷን አቀረበች፣ ተጨበጨበላት። በሜዳሊያ ተመረቀች። ፎቶ አንሺው "ቤተሰብ ጠጋ ይበል" ሲል ማንም አልተጠጋም።

መጣች። ያን ዕለት እየሳቅን ተቀበልናት፤ ንጋት ላይ እንደ ወጉ ዘመድ አዝማድ ገብቶ መርዶው ተነገራት። ትጮኻለች፣ ትወድቃለች ብለን ግራ ቀኝ ይዘናታል። እሷ ዝም። ሴቶቹ ተያዩ፤ አንዷማ "አዲስ አበባ አደረቃት" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ፊቷን በእጃቸው ይዘው፣ "ለአባትሽ እንባ አጣሽ ልጄ?" አሏት።

"እኔማ አልቅሼ ጨርሻለሁ እማዬ። ብቻዬን ስለነበርኩ ነው ያልሰማችሁት።"

ወይዘሮ ወለተ ማርያም ለቅሶውን እንደ አዲስ ጀመሩት፤ "በይ ከእኔ ጋር ድገሚው፣ በይ ልጄ" እያሉ። መቅደላዊት እናቷን አቅፋ ሞከረች። አልመጣላትም።