አቮካዶ እንሰት አይደለም

ክረምት ሲወጣ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ አለ፣ ሥጋ አለ፣ የመንገዱ ጭቃ ይደርቃል። እኔን ግን ባለፈው ዓመት መስከረም ሲያልቅ ሰማዩን ባየሁት ቁጥር ያናድደኝ ነበር። ጥርት ብሎ ቁጭ ይላል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ጓሮ የተከልኳቸው አቮካዶዎች ደግሞ ሥራቸው መሬት በደንብ አልያዘም።

ቤታችን ከዱቦ ወረድ ብሎ ነው። ከሶዶ በሚኒባስ ትመጣና የቀረውን በእግርህ ትሄዳለህ። ከቤቱ ጀርባ የእናቴ እንሰት አለ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ደግሞ ተዳፋት የሆነች ቁራሽ መሬት አለች። ጠቡ ሁሉ ለዚህች ቁራሽ ነው። ታላቅ ወንድሜ ባህር ዛፍ ሊተክልባት ይፈልጋል። አጥር ለአጥር ነው የምንኖረው። ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፣ ከአባቴ ተቆርሶ የተሰጠው የራሱ መሬት አለው፣ እሱንም ባህር ዛፍ ሞልቶታል፣ አልበቃውም። እኔ ከአሥረኛ ክፍል የቀረሁ፣ ሶዶ ሄጄ ለግንበኛ ሲሚንቶ የማቀብል ሰው ነኝ። ያቺ ተዳፋት ካልተሰጠችኝ ዕድሜ ልኬን የማቀብለው ሲሚንቶ ነው።

አባቴ ነገር ማስረዘም አይወድም። ሁለታችንንም አስቀምጦ፣ ለገና በዓል ጓሮ ወጥቶ እንደሚያይ ነገረን። ችግኞቼን ለምልመው ካገኛቸው መሬቱ የኔ ነው። ከደረቁ ወንድሜ ባህር ዛፉን ይተክላል። ወንድሜ ሳቀ። በጋ እንደሚመጣ ያውቃላ።

ችግኞቹ ተራ ችግኝ እንዳይመስሏችሁ። ግራፍት የተደረጉ፣ ማለትም የተቀጠሉ ናቸው። ታቹ የአገር አቮካዶ ነው፣ ላዩ የተሻሻለው ነው፣ መጋጠሚያው በፕላስቲክ ታስሯል። ላዩ ቶሎ ያፈራል፣ ነጋዴ ራሱ ደጅህ ድረስ መጥቶ ይለምንሃል። ታቹ ብቻውን ካደገ ግን ስንት ዓመት እንደምትጠብቀው አይታወቅም፣ የሚያፈራውም ፍሬ ሳይሆን ፍሬ የለበሰ ዘር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመጋጠሚያው በታች የሚበቅል ነገር ሁሉ ይቆረጣል። ታቹ ጉልበተኛ ነው፣ ዝም ካልከው የላዩን ምግብ ይበላበታል። ችግኙን ያደለን የግብርና ሰውዬ ይህን ሲናገር ግማሹ ሰው ስልኩን እየነካካ ነበር። እኔ ሰማሁ።

ጥቅምትን ሙሉ እንደ አህያ ሠራሁ። ዙሪያቸውን አረምኩ፣ ላይ ላዩን ኮተኮትኩ። የአቮካዶ ሥር ቅርብ ነው፣ በዶማ ከገባህበት አለቀለት። የደረቀ የእንሰት ቅጠል ጎዘጎዝኩላቸው፣ ግንዱ እንዳይበሰብስ ራቅ አድርጌ። ከላይ ጥላ ሠራሁ፣ ለፍየል እሾህ አጠርኩ። ውሃውን የማመጣው ከምንጭ በጄሪካን ነው፣ ያውም ሽቅብ። ወንድሜ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያየኛል።

"ሕፃናቱ ጡጦ ጠጡ?" ይለኛል።

"ያንተ ባህር ዛፍ ምንጩን ጠጥቶ ካልጨረሰው ይጠጣሉ" እለዋለሁ።

ኅዳር ላይ ግንበኛው ከሶዶ ደወለ። ፎቅ ጀምሯል፣ ቶሎ ካልመጣሁ ሌላ ሰው ሊይዝ ነው። ምን ላድርግ? እናቴን ጓሮ ይዤ ወጣሁ። አንዱ ችግኝ ጋ ቁጭ ብዬ ፕላስቲኩን አሳየኋት፣ ከዚህ በታች የሚወጣውን ቀንበጥ ሁሉ ቁረጪ፣ ላዩን እንዳትነኪ፣ ውሃ እንዳይቋረጥባቸው አልኳት። እናቴ ችግኙን አየች፣ እኔን አየች፣ እሺ አለች። እሺታዋ ነው ያጃጃለኝ። እናቴ ክርክር ሲሰለቻት ነው እሺ የምትለው።

ገና ሲቃረብ ተመለስኩ። ቦርሳዬን ሳላወርድ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ከሩቅ ሳየው ልቤ ዘለለ። አረንጓዴ፣ ደማቅ አረንጓዴ ነው። አንዱም አልደረቀም። ቅርብ ስደርስ ግን እግሬ ቆመ። ፕላስቲኩ የለም፣ ከፕላስቲኩ በላይ የነበረው የለም። ሁሉም ራስ ራሳቸው በቢላ ተቆርጧል፣ ቁራጩ ላይ አመድ ተቀብቷል፣ ከሥር ደግሞ አራት አምስት ቀንበጥ ተንጨፍርሮ ወጥቷል። ያ የአገሩ አቮካዶ ማለት ነው። እሱን ነበር ቁረጪ ያልኳት።

ይህን ስህተት ሌላ አገር ሰው አይሠራውም። የኛ ሰው እንሰት የሚያራባው እንዲህ ነው። ራሱን ትቆርጠዋለህ፣ እምብርቱን ታወጣለህ፣ አሚቾውን፣ ማለትም መሬት ውስጥ ያለውን ወፍራሙን ክፍል፣ ትቀብረዋለህ። ከዙሪያው ልጆቹ ይፈላሉ፣ አድገው ቤቱን ይመግባሉ። ከሥር የወጣ ልጅ የሚቆርጥ ሰው እኛ ጋ እብድ ነው። እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ የኖረችው በዚህ ነው።

ከኋላዬ መጥታ ቆማለች፣ ፊቷ በርቷል። ምስጋና እየጠበቀች ነው።

"ላዩ ታሞ ነበር" አለችኝ። "ነፋሱ መታው፣ ቅጠሉ ጠቁሮ ረገፈ። ልጆቹ ግን ደህና ነበሩ። ልጆቹን አተረፍኩልህ።"

"ቁረጪ ያልኩሽ እኮ ልጆቹን ነው።"

"ልጅ ይቆረጣል እንዴ? አንተ ስታወራ ትቸኩላለህ። ገልብጠህ የነገርከኝ መስሎኝ ነው።"

እዚህ ላይ ነው አፌ ያመለጠኝ። አቮካዶ እንሰት አይደለም ብዬ ጮህኩ። ገደልሻቸው፣ አሁን እነዚህ አቮካዶ አይባሉም፣ ቅጠል ናቸው፣ ለፍየል ስጪው አልኩ። መንደሩ በሙሉ የሰማኝ ይመስለኛል። እሷ በነጠላዋ አፏን ይዛ ቆመች። እኔን ደግሞ ይበልጥ የሚያቃጥለኝ፣ ላዩ እውነት ታሞ ከነበረ እሷ ባትቆርጠው ኖሮ ከነሥሩ ይሄድ ነበር ይሆናል። ማን ያውቃል? እኔ አልነበርኩም።

የበዓሉ ቀን ከምሳ በኋላ አባቴ ከዘራውን ይዞ ጓሮ ወጣ። ወንድሜ ሳይጠራ ተከተለ። እናቴ እንሰቷ ጫፍ ላይ ቆመች። አባቴ እያንዳንዱ ችግኝ ጋ እየቆመ አየ፣ ቅጠሉን በጣቱ አሸት አሸት አደረገ። ጥሩ ለምልመዋል አለ። የጎዘጎዝኩትንም በከዘራው ገለጥ አድርጎ አይቶ፣ አፈሩ እርጥብ መሆኑን ተናገረ። ትንፋሼ መለስ ሊል ነበር።

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ራሴ ሞተዋል ብዬ ስጮህ በጆሮው መስማቱን፣ ሚስቱም መስማቷን፣ ባለቤቱ ሞቷል ያለውን ዛፍ ለምለም ነው ማለት ምን እንደሚሉት እንደማያውቅ ተናገረ። የኔው አፍ ነው።

አባቴ ወደኔ ዞረ። "ሞተዋል?"

እናቴን አየኋት። ደህና ናቸው ብል መሬቱ የኔ ነው፣ ግን ነጋዴ የማይጠጋው ጫካ ይዤ መቅረቴ ነው፣ ወንድሜም እስክሞት ይስቅብኛል። ሞተዋል ብል ባህር ዛፉ ነገ ይተከላል።

"ላዩ ሞቷል" አልኩ። "ሥሩ አለ። እንደገና ላዩን መቀጠል ይቻላል፣ የተሻሻለ ቅርንጫፍ ፈልጌ ራሴ እቀጥላለሁ።"

"ትችላለህ?"

"አልሞከርኩም።"

ወንድሜ ፈገግ አለ። አባቴ አላየውም፣ ወይ እንዳላየ ሆነ። እኔን ነው የሚያየው። ከዛ ሥሩ ካለ ለምን እንደጮህኩ ጠየቀኝ። ሥር ያለውን ነገር ሞተ የሚል ሰው መሬት ይዞ ምን ያደርጋል፣ አለኝ። ደግሞ ወንድሜን፣ ባህር ዛፍህ አይሸሽም፣ እስከሚቀጥለው መኸር ይቆይ አለው። ለኔም ያው ነው፣ መኸር ላይ ጓሮ ወጥቶ እንደገና ያያል። ይህን ብሎ ገባ።

ይኸው ነው ያገኘሁት። ወራት ለፍቼ፣ እንደገና ወራት መጠበቅ። መሬቱ የኔ አይደለም፣ የሌላም አይደለም። እግዜር ይስጥልኝ ልበል ወይስ ላልቅስ?

በማግስቱ ጠዋት ቢላ ይዤ ወጣሁ። ለመቀጠል አንድ ቀጥ ያለ ቀንበጥ ብቻ ነው በየግንዱ የሚቀረው፣ ሌላው መውደቅ አለበት። እናቴ ከእንሰቱ መሃል ወጥታ መጣች። ካለፈው ጩኸቴ ወዲህ ብዙም አላወራችኝም። ይቅርታ ልል ፈልጌ የወጣኝ ሌላ ነው፣ "ዛሬም ልጅ አይቆረጥም ልትዪኝ ነው?" አልኳት።

የመጀመሪያው ችግኝ ጋ ቁጭ አለችና ቀንበጦቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። ቀጥ ያለውን ለይታ በግራ እጇ ከለለችው፣ የቀሩትን በቀኝ እጇ ሰብስባ ያዘችልኝ።

"ቁረጥ" አለችኝ፣ ፊቷን ወደ እንሰቱ አዙራ።