የተኛው ፈረስ ተረት

ተረት የጠላሁት አድጌ ነው። ልጅ ሳለሁማ፣ እንጅባራ ዳር ባለው ቤታችን ብርዱ በቀርከሃው ግድግዳ ሾልኮ በሚገባበት ማታ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ቢያድጌ ምድጃው ዳር ቁጭ ብለው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ከእኔ ቀድሞ የሚደርስ አልነበረም። የእርጥቡ ግንድ ጭስ ዓይን ያስለቅሳል፤ ኩራዙ እየተርገበገበ የእሳቸውን ጥላ ግድግዳው ላይ ያገዝፈዋል፤ እኛ ልጆች ጉልበታችንን አቅፈን ፍሙን እያየን እንሰማለን። በአገውኛ ይጀምሩና ሲሞቃቸው ወደ አማርኛ ይገባሉ፤ የሚያስቀው ቦታ ሲደርሱ ደግሞ መልሰው አገውኛ ይሆናሉ።

ከሁሉም የምንወደው የተኛውን ፈረስ ነበር። አንድ ፈረስ ተጭኖ ከገበያ ሲመለስ መሀል መንገድ ላይ ይተኛል። ጌታው ቢለምነው እምቢ፣ ቢገርፈው እምቢ፣ መንገደኛው ተሰብስቦ ጅራቱን ቢጠመዝዘው እምቢ። «ደክሞኛል» ይላል። ሲመሽ ጅብ ይመጣና «እስክትነሳ ልጠብቅህ ነበር፣ ግን ራበኝ» ብሎ ይበላዋል። እዚህ ላይ አያ ቢያድጌ ፍሙን ቆስቆስ አድርገው «ፈረስ ቆሞ ያድራል ልጆቼ፤ የተኛ የጅብ ነው» ይሉናል። እኛም እንስቃለን። ያኔ በእኛ ሰፈር ፈረስ የሌለው ቤት ስላልነበረ፣ የፈረስ መተኛት ለጌታው ምን ያህል ውርደት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም ነበር።

ትምህርቱን ስምንተኛ ላይ ትቼ ዳንግላ ገባሁ፤ ጋሪ ነዳሁ። አፌም እጄም ፈጣን ስለነበር ተሳፋሪ በመሻማት የሚቀድመኝ አልነበረም። አንድ ክረምት ላይ ግን ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። የሞተብኝ የለም፤ የከዳችኝም የለችም። ምን ሆንክ ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም፤ መልስ ስላልነበረኝም ሰነፍ ነው፣ ጫት ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው አሉ። ፈረሴ ጓሮ ውስጥ ርቦት ሲያሽካካ እሰማለሁ፣ ግን እግሬ አይታዘዝም። አባቴ ከእንጅባራ ድረስ መጥቶ ወደ ውስጥ እንኳ ሳይገባ፣ ጎረቤት እየሰማ «ጎረምሳ በቀን ይተኛል? ፈረስ እንኳ ቆሞ ያድራል» ብሎኝ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጅቡን እጠብቅ ጀመር። የምሬን ነው። ቢመጣ አልሸሽም ነበር።

የመጣው ይርጋ ነው። እንደኔው ባለጋሪ ነው፣ አፉ ቅጥ የለውም።

«ሞተሃል እንዴ? ለቅሶ እንድንቀመጥ አስታውቀን እንጂ።»

ብርድ ልብሴን ተከናነብኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ፈረስህ ከነጋሪው ሲወድቅ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«ሂድልኝ ይርጋ።»

«መልስልኝና እሄዳለሁ።»

«ጠፍሩን ፈትቼ ጋሪውን ወደ ኋላ እስባለሁ። ሌላ ምን ይደረጋል?»

«አትገርፈውም?»

«ከነጭነቱ እየገረፍከው እንዴት ይነሳል፣ ደደብ።»

ይርጋ ብርድ ልብሱን ገለጠልኝና «ታዲያ አንተን ለምንድነው ስንገርፍህ የከረምነው?» አለ።

ፈረሴን ወስዶ ከራሱ ፈረስ ጋር አበላው። እኔንም እጄን ይዞ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ፤ እዚያ ያለው ባለሙያ በሽታ መሆኑን፣ ስምም መድኃኒትም እንዳለው ነገረኝ። ተመላለስኩ። የቀረሁበት ቀን አለ፣ ከበሩ የተመለስኩበትም አለ። ቀስ እያልኩ ፈረሴን ጠዋት ጠዋት ውኃ ማውረድ ጀመርኩ። ከስሜት ሁሉ ቀድሞ የተመለሰልኝ ንዴት ነው። የተናደድኩትም በዚያ ተረት ነው።

አገር ቤት ስሄድ አያ ቢያድጌ ፍሙን ከበው ለተቀመጡ የእህቴ ልጆች ያንኑ ሲያወሩ ደረስኩ። «ደክሞኛል» የሚለው ላይ ልጆቹ ሳቁ። መታገስ አቃተኝ።

«አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ ሁሉ ሰው ሲሰበሰብ ጭነቱን የሚያወርድለት አንድ ሰው ጠፋ?»

«ተረት እኮ ነው፣ ልጄ።»

«ክረምቱን ሙሉ ተኝቼ ጅብ ስጠብቅ የከረምኩት እኔ ነኝ። አባቴ ደጄ ላይ ቆሞ የጮኸብኝ የእርስዎን ቃል ነው።»

አባቴ ጥጉ ጋ አንገቱን ደፋ። ትንሿ የእህቴ ልጅ «አያ፣ ምን ነበር የተጫነው?» አለች።

«የተጫነውማ…» አሉና ቆሙ። «እንጃ ልጄ። ለእኔም ሲነግሩኝ እሱን አልነገሩኝም።»

ያን ማታ ተረቱ ሳያልቅ ተኛን።

ዛሬ ጋሪዬን እነዳለሁ። ደስታ እንዴት እንደመጣ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ አንድ ጠዋት ፈረሴን ሳጥብ እያፏጨሁ መሆኔን የነገረኝ ይርጋ ነው። ክብድ የሚለኝ ቀን አሁንም ይመጣል፤ አሁን ግን ሳይጥለኝ በፊት ለሰው እናገራለሁ። ንዴቴ አልበረደም፣ እንዲበርድም አልፈልግም። ያኔ ፍሙን ከበን የሳቅነው ልጆች ብዙ ነበርን፤ ከመካከላችን ዛሬ በሩን ዘግቶ የተኛ አይጠፋም። ይህን የምጽፈው በሩ ላይ ቆሞ ለሚጮኸው ሰው ነው።