በክር የተሰካ ጥያቄ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ መጥረግ ነበር። አዳራሹ የአንድ ባለርስት የእህል መጋዘን ነበርና ሲወረስ ጤፉ ሄዶ አቧራው ቀርቷል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ተሰማ አንድ ቁልፍ ሰጠኝና፣ «ይኼ የፊተኛው በር ነው፤ የኋላው ክፍል አንተን አይመለከትህም» አለኝ። ያኔ የኋላው ክፍል የአካፋና የዶማ ማስቀመጫ ነበር። ለምን አይመለከተኝም ብዬ አልጠየቅሁም።

ማዕረጌ የአዳራሽ ኃላፊ ነው። ከበታቼ ማንም የለም፤ ከበላዬ ሁሉም ነው። እሑድ ጠዋት ባሕር ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት እደበድባለሁ፤ ሰው ይመጣል። ያልመጣ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም። አሥር አግዳሚ ወንበር እደረድራለሁ፣ ሰሌዳውን አጸዳለሁ፣ ከዚያ እንግዳውን ልቀበል ታክሲው ወደሚቆምበት እወርዳለሁ። የጉለሌን አቀበት ያልለመደ እንግዳ ትንፋሹ አልቆ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ መጀመሪያ ወንበር፣ ቀጥሎ ውኃ፣ ከዚያ ንግግር። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

እንግዶቹን መንግሥት ነበር ከየመሥሪያ ቤቱ የሚልካቸው። አንድ የሳይንስ አስተማሪ መጥቶ ስለ መብረቅ አስረዳን። ረጅም ዛፍ ይወዳል፣ ብረት ይወዳል አለ። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች አንዱ፣ አባባ ጫላ፣ ተነሥተው፣ «ታዲያ ልጄ፣ እኛን ለመጥራት ብረቱን ረጅም ዛፍ ላይ የሰቀሉት ሊጨርሱን ነው?» አሉት። በዚያው ሳምንት ቸርኬውን አወረድኩት።

ሌላ ጊዜ የባህል ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው መጣና የሸማ ሥራ ባህላችን ነው፣ ኩሩበት አለ። አባባ ጫላ እንደገና ተነሡ። «ትናንት ስንሰደብ ቁጢት በጣሽ ነበርን። ባህል የሆንነው ከመቼ ወዲህ ነው?» ሰው ሁሉ ከመሳቁ በፊት የጓድ ተሰማን ፊት አየ። እሱ ሲስቅ ሳቀ። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ አይቼ ነው የሳቅሁት።

በኋላ በአፍ የሚጠይቅ ሰው እየጠፋ ሄደ። ጓድ ተሰማ ጥያቄ በወረቀት ይሁን አለ። መጻፍ የማይችል ጎረቤቱን ያጽፋል። መሠረተ ትምህርት የተማርነው ደግሞ እንደምንም እንጭራለን፤ እኔም ፊደል የቆጠርኩት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። ወረቀቱን የምሰበስበው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ በባርኔጣ ሰበሰብኩ። ተደበላለቀ። ከኋላ የተቀመጠው ቀድሞ መልስ አገኘ፣ ከፊት የተቀመጠው አኮረፈ። ስለዚህ የራሴን ዘዴ አወጣሁ። መርፌና ጠንካራ ክር ይዤ ከመጀመሪያው አግዳሚ እነሣለሁ፤ ወረቀቱን ከሰውየው እጅ ተቀብዬ ጥጉን እወጋና በክሩ ላይ እሰካዋለሁ። አግዳሚው ሲያልቅ ከሲጋራ ፓኮ የቆረጥኩትን ካርቶን እሰካለሁ። ከዚያ ሁለተኛው አግዳሚ። ሲያልቅ ክሩ እንደ መቁጠሪያ ይሆናል። እንግዳው ከመጀመሪያው እየነቀለ ያነባል፤ ሁሉም ተራውን ያውቃል። ጓድ ተሰማ በሕዝብ ፊት አስጨበጨበልኝ። ብዙ ሰንብቶም ያ ጭብጨባ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። አካፋና ዶማው ከኋላው ክፍል ወጣ፤ ሰው ገባበት። አብዮት ጥበቃዎቹ ጠመንጃ ይዘው በሩ ላይ ይቀመጣሉ። ከፊት እንግዳው ስለ ዓለም ሕዝቦች ይናገራል፤ ከግድግዳው ወዲያ ሰው ያስላል። ማንም እንዳልሰማ ይሆናል። እኔም ወለሉን ስጠርግ ግድግዳው ጋ ስደርስ መጥረጊያውን አፈጥን ነበር።

ወይዘሮ አስካለ የምትባል ባሏ የሞተባት ፈታይ ነበረች። አንድያ ልጇን ግርማን፣ ሸማኔ ነው፣ ከሥራው ላይ አንሥተው እዚያ አስገቡት። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከሁሉ ቀድማ ትመጣና አራተኛው አግዳሚ ጫፍ፣ ግድግዳው ጥግ ትቀመጣለች። እንዝርቷን ታሾራለች። መፍተል አልተከለከለም፤ ሴቶቹ ሁሉ እየፈተሉ ነው የሚሰሙት።

አንድ እሑድ አንድ ሐኪም መጣ። ወጣት ነው፣ መነጽር አለው፣ አቀበቱን ሳያለከልክ የወጣ ብቸኛው እንግዳ። ስለ ተስቦ አስተማረን። በሽታውን የሚያዛምተው ቅማል ነው፤ ሰው ተፋፍጎ በሚኖርበት፣ ልብስ በማይቀየርበት ቤት ይበረታል አለ። እንደ ልማዴ መርፌዬን ይዤ ተነሣሁ። አራተኛው አግዳሚ ጫፍ ስደርስ ወይዘሮ አስካለ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። ወግቼ ሰካሁት። ከዚያ ቀን በፊት ጥያቄ ጽፋ አታውቅም ነበር። እኔም ልብ አላልኩም።

ሐኪሙ እየነቀለ አነበበ፣ እየመለሰ ሄደ። ሦስተኛው ካርቶን አለፈ። ከዚያ አንዱን ወረቀት ዘረጋና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«ተፋፍጎ በሚኖርበት ይበረታል ብለዋል። ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ስንት ሰው…»

እዚያ ላይ ቆመ። ቀሪውን በዓይኑ አነበበ። እንዝርቶቹ ሁሉ ቆሙ።

ጓድ ተሰማ፣ «ይጨርሱት እንጂ» አለ።

«ጽሑፉ አይነበብም» አለ ሐኪሙ።

ጓድ ተሰማ ተነሥቶ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደና ቆሞ አነበበ። በኋላ እንደሰማሁት ቀሪው «እንደታጎረ ያውቃሉ ወይ? ልጄ ሰውነቱን እያከከ ቆሰለ። ምን ላድርግ?» ነበር የሚለው። በሩን ዝጉ አለ። አብዮት ጥበቃው ዘጋው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ይኼ ከየትኛው አግዳሚ ነው?»

ሕዝቡ ሁሉ የእኔን ክር ያውቃል። ያጨበጨቡለት እኮ ነው። ክሩ ላይ የቀረውን ካርቶን የቆጠረ አራተኛው መሆኑን ያውቃል። አራተኛው ላይ ደግሞ ልጅ የታሰረባት አንድ ሰው ብቻ ናት። ዓይኔ ወደ እሷ እንዳይሄድብኝ ወለሉ ላይ ተከልኩት።

ክሩን ልፈልግ ወደ ጠረጴዛው ቀና ስል ሐኪሙ እጁን ከጠረጴዛው በታች ሲሰበስብ አየሁ። ወረቀቱ ሁሉ፣ የተነበበውም ያልተነበበውም፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ላይ ተከምሯል፤ ካርቶኖቹም በመካከሉ። ክሩ የለም።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁባችሁ» አለ ሐኪሙ። «ክሩ ሲያስቸግረኝ ገና ከመጀመሪያው አውጥቼ ደባልቄዋለሁ።»

ውሸት ነው። አሁን፣ ጓድ ተሰማ ወረቀቱን ሲያነብ ነው የመዘዘው። ጓድ ተሰማ እሱን አላየውም። እኔን ነው ያየኝ።

«እውነት ነው?»

ሐኪሙን ከዚያ ጠዋት በፊት አላውቀውም፤ ስሙንም አልያዝኩም። እንዴት እንደወጣ ሳላውቅ፣ «እውነት ነው፣ ሲደባልቁ አይቻለሁ» አልኩ።

«እሺ፣ ይኼን ማን ሰጠህ? ከእጅ ወደ እጅ አይደል የምትቀበለው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ የማየው መርፌውን ነው። ሰው ሰው ካየሁ ጣቴን እወጋለሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አፈነ። ጓድ ተሰማ አልሳቀም። ያን ጊዜ ከአራተኛው አግዳሚ አንዲት እንዝርት መሾር ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ ከዚያ እንደ ወትሮዋ። ሌሎቹም ተከተሏት።

ሐኪሙ ቦርሳውን እየዘጋ፣ በትሕትና፣ ለጓድ ተሰማ እንዲህ አለው፦ «አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። ቅማል እስረኛና ጠባቂ አይለይም። ግድግዳውም አያግደውም። ከተነሣ መጀመሪያ የሚይዘው በሩ ላይ የሚቀመጡትን፣ ቀጥሎ እርስዎን ነው።» ጓድ ተሰማ አንገቱን ሲያክ አየሁት። በሩ ላይ ያለው አብዮት ጥበቃም አከከ።

ሐኪሙን እስከ ታክሲው አልሸኘሁትም። እኔን ትዝ እስኪልህ ብለው ወደ ኋላው ክፍል አስገቡኝ።

አምስት ቀን እዚያ ቆየሁ። አሥራ ዘጠኝ ነበርን፤ እግር የሚዘረጋው በተራ ነው። ግርማ ከጎኔ ነበር፤ ክንዱ ቆስሏል። ስለ እናቱ አልነገርኩትም። ቢጠየቅ እንዳያውቅ ነው። በየቀኑ ማታ ጠሩኝ፣ ጠየቁኝ። በሁለተኛው ቀን አንድ ጥርሴን አጣሁ። መልሴ ያው መርፌው ነው። ግትር ነው አሉኝ። እናቴም እንዲሁ ትለኝ ነበር። ግን ግትርነት አልነበረም። ፈርቼ ነበር፤ አንዴ ሌላ ቃል ከተናገርኩ ማቆሚያ የለኝም ብዬ ነው።

በአምስተኛው ቀን በሩ ተከፈተና ሁላችንንም ወደ ግቢው አወጡን። የቅማል ማጥፊያ ዱቄት የሚነፉ ሁለት ሰዎች መጡ። ልብሳችንን በበርሜል ቀቀሉት፣ ራሳችንን ላጩን። ጓድ ተሰማ ራቅ ብሎ ቆሞ በደንብ ንፉ ይላል። ከአጥሩ ወዲያ ሴቶች ተሰብስበው ያያሉ። ወይዘሮ አስካለ ከመካከላቸው ነበረች። ልጇን በፀሐይ ቆሞ አየችው። አልጠራችውም። እኔንም አላየችኝም፤ ሆን ብላ ነው።

እኔን በዚያው ቀን ለቀቁኝ። ግርማ ከብዙ ወር በኋላ ተፈታ። አብረውን ከነበሩት ውስጥ ወደ ሌላ ቦታ ተወስደው ያልተመለሱ አሉ። ሐኪሙ ሁለተኛ እኛ ዘንድ አልመጣም። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ያን ጊዜ መጠየቅም አይቻልም ነበር።

ጓድ ተሰማ ወደ ሥራዬ መለሰኝ። በሚቀጥለው እሑድ ክሩን አምጣ አለኝ። አልቋል አልኩት። ክር በሸማኔ አገር አለቀ? አለኝ። አልቋል አልኩት። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ክዳኑን በስቼ ይዤ መጣሁ። ሰው በገዛ እጁ ይከታል፤ እኔ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞራለሁ። ለእንግዳው ከመስጠቴ በፊት ሦስት ጊዜ እነቀንቀዋለሁ። ከሥራው እስክወጣ ድረስ የሠራሁት እንዲህ ነው።

አሁንም በየአዳራሹ ጥያቄ የምትሰበስቡ ልጆች አላችሁ። ወረቀቱን ሳትደባልቁ ለማንም አትስጡ።