ጆንያውን ያላጠለቀችው ዋሪጊያ

የዋሪጊያን ፈሪነት ከኬንያ ተራራ በታች በእኛ ሸንተረር የማያውቅ አልነበረም። ሰማይ ሲያጉረመርም አልጋ ስር ትገባለች፤ የሰው በሬ ካየች መንገድ ትቀይራለች። ባሏ በሕይወት ሳለ፣ «ሚስቴ ጥላዋን ባየች ቁጥር እኔን ትጠራለች» እያለ ያስቀን ነበር። ታዲያ እንግሊዝና እሱን ለማባረር ጫካ የገቡት ሰዎች እኛን ኪኩዩዎችን መሃል አስገብተው በሚቀጠቅጡበት ዘመን ጉድ የሠራችው ይቺው ሴት ናት። ጀግና ነኝ ባዩ ሁሉ ጓዳው ውስጥ ተወሽቆ ነበር፤ ስማቸውን አልጠራም እንጂ አውቃቸዋለሁ።

ባሏም አንድ ልጇ ኪሞቶም ሞተውባት ብቻዋን ትኖር ነበር። ወገኗ ከ«የዳኑት» ነው። የዳኑት የምንላቸው ኢየሱስን ካገኙ ወዲህ አንዲት ውሸት ከአፋቸው የማትወጣ፣ ኃጢአታቸውን ጉባኤ መሃል ቆመው የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። የጫካዎቹ የደም መሐላችንን አልጠጡም ብለው ጠሏቸው። ለእንግሊዝ ያደሩት የእኛው ዘበኞች ደግሞ ጠመንጃችንን አልያዙም ብለው ጠሏቸው። የዘበኞቹ አለቃ ንዲራንጉ፣ እሁድ እሁድ ከእሷው ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚቀመጥ ሰው፣ ጠመንጃ ይዞላት መጥቶ ነበር።

«የኪሞቶ እናት፣ ጅብ ከሚበላሽ ጅብ በልተሽ ተቀደሺ።»

«እንኳን ጅብ ዶሮ ማረድ አልችል! በል ውሰድልኝ፤ ማየቱም ያስፈራኛል» አለችው።

ብዙም ሳይቆይ፣ ስኳር ድንች ስትቆፍር ሦስት ሰዎች ከዛፎቹ መሃል ወጡባት። ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነዋል። መሪያቸው የፍየል ደም በቅል ይዟል።

«ጠጪና ማዪ።»

ሽንቷ በእግሯ ላይ ወረደ። ሰዎቹ ሳቁባት፤ አፈር ያስበላቸውና!

«የክርስቶስን ደም ጠጥቻለሁ» አለች፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «በእሱ ላይ ሌላ ደም አልደርብም።»

«የፈረንጅ አምላክ ከገጀራ ያስጥልሽ እንደሆነ እናያለን!»

«ላያስጥለኝ ይችላል። ፈርቻለሁ። ግን አልጠጣም።»

መሪው አፏን በጡጫ ሲላት ሁለት ጥርሷ ረገፈ። ስትወድቅ ጎኗን ረገጧት። ከዚያ መሪው ገጀራውን ለሦስተኛው ሰው አቀበለው። ሰውየው አመነታ።

«እማ፣ በሞቴ፣ ትንሽ ቅመሺና ይብቃ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ድምፁን ለየችው። ጊቼሩ ነው፣ መንደር እየኖረ በስውር ከእነሱ ጋር የወገነው የጎረቤቷ የኒዮካቢ ልጅ። እናቱ ታማ ወተቷ የደረቀ ጊዜ ዋሪጊያ ናት ከኪሞቶ እኩል ጡት ያጠባችው።

«ኢየሱስ፣ ያዘኝ፤ ልሮጥ ነው!» ብላ ጮኸችና ዓይኗን ጨፈነች። ገጀራው ግራ ጆሮዋን ቆርጦ ትከሻዋ ውስጥ ገባ። ሞታለች ብለው ጥለዋት ሄዱ።

ቁስሏ ገና ሳይደርቅ ንዲራንጉ የሸንተረሩን ወንዶች ሁሉ ሰብስቦ፣ ነጩ ሹም ወንበር ላይ ተቀምጦ እያየ፣ ከዘበኞቹ ሰፈር ፊት አሰለፈ። ዋሪጊያንም አስጎትቶ አመጣት። በእጁ ለዓይን ሁለት ቀዳዳ የተቀደደለት ጆንያ ይዟል። በዚያ ዘመን ጆንያ ያጠለቀ ሰው በሰልፉ ፊት ያልፋል፤ ራሱን የነቀነቀበት ሰው ወደ ገመድ ይሄዳል። ማን እንደነቀነቀበት እንኳ ሳያውቅ ይሞታል።

«አጥልቂውና ስታገኚው ንቀንቂ። ማንም አይለይሽም።»

«እግዜርን ጆንያ ይጋርደዋል እንዴ?»

«የቆረጠሽን ታውቂዋለሽ ወይስ አታውቂውም?»

አላውቅም ብትል እሷም ቤቷ ትገባለች፣ ጊቼሩም ይተርፋል። ግን የዳኑት አይዋሹም ብያችኋለሁ።

«አውቀዋለሁ» አለች። «እዚሁ ቆሟል። አላሳይህም።»

ወይ ጣጣ! ምናለ ዝም ብትል! አንዱ ዘበኛ ትከሻዋን ቁስሉ ላይ በሰደፍ ሲመታት ደሙ እንደገና ፈሰሰ። ንዲራንጉ ግን ተንኮለኛ ነው፤ አስነሣት።

«በይ እሺ፣ ሁሉንም እየጨበጥሽ እለፊ። ፈሪነትሽን አገር ያውቀዋል። ሰውየው ጋ ስትደርሺ ሰውነትሽ ይነግረኛል።»

ጀመረች። የመጀመሪያው አንድ አንካሳ ሽማግሌ ነበር፤ እሱን ስትጨብጥ ተንቀጠቀጠች። ሁለተኛውንም እንደዚያው። የገዛ ወንድሟን ስትጨብጥ ጭራሽ ባሰባት። ጊቼሩ ጋ ደረሰች። እጁ በላብ ርሷል። ተንቀጠቀጠች፣ ጨበጠችው፣ አለፈች። ሰልፉ ሲያልቅ ንዲራንጉ ፊት ቆማ እጇን ዘረጋች፤ የእሱንም ስትጨብጥ ተንቀጠቀጠች። ከሰልፉ አንዱ ሳቁ አመለጠው።

ያ ሳቅ አሳበደው። እጇን ድንጋይ ላይ አስያዘና ጣቶቿን በሰደፍ ይቀጠቅጥ ጀመር። አንዱን በሰበረ ቁጥር «የቱ ነው?» ይላታል። ጩኸቷ ማዶ ሸንተረር ይሰማ ነበር። ኢየሱስን ጠራች፣ እናቷን ጠራች፣ የሞተ ባሏን ጠራች፤ የጊቼሩን ስም ግን አልጠራችም። እሱም መሬት መሬት ያይ ነበር። በመጨረሻ ነጩ ሹም ምሳው ደርሶ ኖሮ «በትኗቸው» አለ።

በማግስቱ ኒዮካቢ አጥሚት ይዛ መጣች። ሁለቱ በአንድ ዓመት የተገረዙ እኩዮች ናቸው፤ በእኛ ዘንድ ከእህት አይተናነስም። የዋሪጊያ እጅ ስለማይሠራ አጥሚቱን በማንኪያ ታጠጣት ጀመር። መሃል ላይ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ልጄ ነው፣ አይደል?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

ኒዮካቢ ፊቷን ነጨች፣ ደረቷን ደቃች። «ያጠባሽውን ጡት ረስቶ! ልርገመው? ንገሪኝ፣ ልርገመው?»

«ተይ፣ አትርገሚው። ይቅር ብዬዋለሁ፤ ሲረግጡኝ ጀምሮ።»

«እንግዲያው እግርሽ ላይ ይውደቅ። ደጅ ቆሟል፣ ልጥራው።»

ዋሪጊያ ወደ ግድግዳው ተሸማቀቀች። «ኧረ ቆይ! ይቅር አልኩት እንጂ አልፈራውም አልኩ? ብቻውን እንዳይገባብኝ። አንቺ እጁን ይዘሽ አስገቢው።»

ኒዮካቢ ወጣች፤ ያንን ጎልማሳ እንደ ሕፃን እጁን ይዛ አስገባችው። ዋሪጊያ ከእግር እስከ ራሷ ትንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ በተሰበረ እጇ በርጩማውን ወደ እሱ ገፋችለት።