ለለሊሴ የነፈግኳት ነጥብ

ይህን ለባለቤቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ፊታችሁን ስለማላይ ነው፤ እዚህም ላይ ፈሪ ነኝ።

ገርጂ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ የሆቴል ሥራ አስተምር ነበር። ቦሌ ላይ ትናንት ጎጆ የነበረው ዛሬ ፎቅ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ነው። ሊከፈት የተቃረበ አንድ ትልቅ ሆቴል፣ በእኔ ኮርስ ኤ ያመጡትን ያለ ፈተና እቀጥራለሁ ብሎ ነበር። ኮርሱ አዲስ ነው፤ ሶፍት ስኪል ይሉታል። ተማሪው ከሰው ይግባባል? በቡድን ይሠራል? በራሱ ይተማመናል? ይህን ሁሉ በነጥብ የምለካው እኔ ነበርኩ። ሃያ ሁለት አካባቢ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ሥልጠና ወስጄ የለ! የሚያነጋግረውን ሰው ዓይን የማያይ በራሱ አይተማመንም ሲሉኝ፣ ይዤው መጣሁ።

ለሊሴ የቡልቡላ ገበሬ ልጅ ነበረች። መምህር ሲያናግራት አንገቷን ደፍታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትመልሳለች። እኔንም እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያው ነው፤ ታላቅን ትክ ብሎ ማየት ድፍረት ነው እያለች። አውቅ ነበር። አውቄ ቀነስኩባት።

ቡድኗ ሊበተን ሲል አይቻለሁ። ምላሳቸው ጤፍ የሚቆላ ሁለት ወንዶች ተጣልተው አንዱ ጥሎ ሲወጣ፣ ደረጃው ላይ ደርሳበት አግባብታ መለሰችው። ሥራውን ደልድላ ስታበቃ፣ ፊት ቆሞ መናገሩን ለእነሱ ተወችላቸው። ለእነሱ ኤ ሰጠሁ፤ ለእሷ ሲ። በቡድን መሥራት ያ ካልሆነ ምን ነበር?

ቢሮዬ መጣች።

«መምህር፣ ምን እንዳጎደልኩ ቢነግሩኝ? እርሻችን ለግንባታ ሄዷል፤ ቤት ውስጥ ሌላ የሚሠራ ሰው የለም።»

«ቀና ብለሽ እዪኝ» አልኳት።

ሞከረች፤ አቃታት። «እሺ መምህር» ብላ ወጣች።

ውጤቱን ገና አላስገባሁም ነበር። ማስተካከል እችል ነበር። ግን የእሷን ካስተካከልኩ፣ ባልደረቦቼ ፊት የጎረርኩበት መለኪያ እንደማይሠራ ማመን ነበረብኝ። አላስተካከልኩም። እኔ ነኝ፤ ሥልጠናውም ኮሌጁም አይደሉም። ሆቴሉ ሳይወስዳት ቀረ።

ከዓመታት በኋላ፣ ኢምፔሪያል አካባቢ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ፅዳት ሠራተኞች ቱታ የለበሰች ሴት ከፊቴ ዞር ብላ አየችኝና ወዲያው አንገቷን ደፋች።

«መምህር፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

ታክሲው ውስጥ የቀረው አንድ ቦታ ነበር። ለሊሴ መሆኗን አውቄያለሁ። ገባሁ። ይቅርታ ልላት ስል ታክሲው ተነሣ ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ነው። ረዳቱ ሒሳብ እስኪመልስ ቆመን ነበር፤ እሷም መስኮቱ አጠገብ ነበረች።