ሥዕሉ ካልወጣ ቤቱ ይውጣ

ዶርዜ ያለው የአባቴ ቤት መስኮት የለውም። እሱ ከሞተ ወዲህ ሥዕል የምሠራው እዚያ ነው። የቀለም ጣሳው፣ የደረቀው ብሩሽ፣ የእሱ የሽመና ዕቃ ተደበላልቆ መርገጫ የለም። የአርባ ምንጭ ጓደኞቼ «በጨለማ እንዴት ትስላለህ?» እያሉ ያሰለቹኛል። በባትሪ ነዋ!

አባቴን ምድጃው አጠገብ እንደሚቀመጠው አድርጌ፣ በአካሉ ልክ፣ ሰፊ ጣውላ ላይ ሳልኩት። ዓመታት ፈጀብኝ። እስከዚያ ምስጥ የቀርከሃውን ግድግዳ ከሥር እየበላ ቤቱን ዝቅ አድርጎት ኖሮ፣ ጣውላው በበሩ አልወጣ አለ።

ጎረቤቶቼ «ሥዕሉ ካልወጣ ቤቱ ይውጣ» ብለው ሳቁ። እኛ ጋ ምስጥ ሲያስቸግር ቤት እንዳለ ተነቅሎ በሸክም ይዛወራል። ጠዋት ተሰብስበው ሆ ብለው አነሡትና ጥቂት ራቅ አደረጉት። እኔ ዕቃው እንዳይረገጥ ከሥዕሉ አጠገብ ቀረሁ።

ድንገት ሆታው ተቋረጠ። አባቴ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሏል። ከተሸካሚዎቹ መሃል የዕድሜ እኩያው የሆኑት ሽማግሌ «እንዴት አደርክ?» አሉት። ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ መልስ እንዳገኘ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ማንም ሳያዛቸው ሁሉም ወደ ኋላ ተመለሱና ቤቱን ቀስ አድርገው በላዩ ላይ ደፉት።

እኔን ውጣ ያለኝ የለም።